ከእሾህ ላይ የተለቀመው በርኖስ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ልብስ ይገዛ በነበረበት ዘመን፣ ውርጭ አምባ በሚባል ደጋ ላይ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ጅብ ልብስ መግዛት ለምን እንደተወ በኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አህያዋን እንተዋወቃት።

ይህች አህያ የጉልምስና ዕድሜዋን ጨው ስትጭን የፈጀች ናት። ጭነቱ ጀርባዋን ልጦት፣ ቁስሉ ሲድን ጠጉር ሳያበቅል ቀረ። ቆላ ብትኖር ኖሮ ማንም ልብ አይላትም ነበር። ውርጭ አምባ ግን ስሙን በከንቱ አላገኘም። ታኅሣሥ ሲገባ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይነጋል፣ ኩሬው ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፣ ጀርባው የተራቆተ ፍጥረት በማለዳ ከወጣ እናቱን ይጣራል።

የአምባው ጌታ አንበሳ ነበር። ሁለት ሕግ አወጣ። አንደኛው፣ የአምባው ነዋሪ የአምባውን ነዋሪ አይበላም። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ነው፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሁሉም በገደሉ አፋፍ ላይ ይሰበሰባል፤ አንበሳውም ይናገራል። ሲናገር አይጣል ነው! የአያቱን ታሪክ ሳያነሳ አይጨርስም። ንግግሩ እስኪያልቅ ጸንቶ የቆመ ለዓመቱ የሚኖርበትን ሜዳ ይመርጣል፤ ብርድ አሸንፎት የሄደ ግን የተረፈውን ይወስዳል። አንበሳው አምሮ የለበሰም ይወዳል። ደምቆ የመጣውን ከጎኑ፣ ፀሐይ ቀድማ በምታርፍበት ቋጥኝ ላይ ያቆመዋል።

አምና አህያዋ እንዳለች፣ ራቁቷን ሄደች። ጥርሷ ሲንገጫገጭ የጌታን ንግግር እስኪሸፍን ድረስ ተንቀጠቀጠች። አንበሳው ገና አያቱ ጋ ሳይደርስ እሷ ቁልቁለቱን ወርዳ ነበር። የተረፈው ሜዳ የትኛው ነበር መሰላችሁ? ከአያ ጅቦ ጉድጓድ ደጃፍ ያለው ነዋ!

«እንደምን አመሸሽ ጎረቤቴ?» ይላታል ጅቡ ጀንበር ባዘቀዘቀች ቁጥር። ዓይኑ ግን ፊቷ ላይ ሳይሆን ታፋዋ ላይ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች፣ ጀርባዋን ሳትሰጠው።

ሕጉ እስካለ አይነካትም። ግን የጅብ ትዕግሥት ስንት ዓመት ይቆያል? ዘንድሮም ጸንታ ካልቆመች ሌላ ዓመት እዚያው ልትከርም ነው፤ ሌላ ዓመት ደግሞ እዚያ በሕይወት እንደማትከርም ልቧ ያውቀዋል።

መስከረም ሲጠባ ቀበሮ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ሱቅ ከፈተ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አይደል የሚባለው? ራሱን በራሱ ነጋድራስ ብሎ ሾመ። ዕቃው ሁሉ ከሰው መንደር፣ ከአጥር ላይ እየጎተተ ያመጣው ጥሬ ቁርበት ነው። ጠርዙን ከርክሞ፣ ኮሌታ አውጥቶለት፣ እንዲያብረቀርቅ ቅቤ ቀብቶ ሰቀለው።

«ኑ እንጂ!» ይላል። «ዘንድሮ ፋሽኑ ቁርበት ነው! ቁርበት ያልለበሰ ጌታ ፊት ባይቀርብ ይሻለዋል!»

መጀመሪያ የደረሰው ጅብ ነው። አፍንጫው ከእግሩ ቀድሞ ነው የደረሰው ማለት ይቻላል።

«ይሄ ያሞቃል?» አለ ጅቡ።

«ማሞቅ ብቻ አያ ጅቦ? ያስከብራል እንጂ! የእርስዎን ትከሻ አይቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው።»

«ሽታውም ደስ ይላል» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ። ለስንት ዓመት የቆለለውን አጥንት ሁሉ አምጥቶ ሰጠና አንዱን ለብሶ ሄደ። በሳምንቱ ግን ራቁቱን ተመልሶ መጣ።

«ነጋድራስ፣ ልብሴ ጠፋ።»

«የት ጠፋ?»

«እንጃልኝ። ለብሼው ተኛሁ፤ ስነሳ ልብሱ የለም፣ እኔ ግን ጠግቤያለሁ።»

ቀበሮ ሳቁን በጅራቱ ሸፈነ። ጅብን ያህል ደንበኛ ከየት ይገኛል? «ሌባ በዝቷልና አንድ ሌላ ይውሰዱ» ብሎ፣ ጅቡ የሸሸጋትን የመጨረሻዋን ቅልጥም ተቀብሎ፣ ሁለተኛ ሰጠው። ሁለተኛውም ሌባ አገኘው። ሦስተኛውን በዱቤ ወሰደ።

አህያዋም አንድ ቀን ቀረብ ብላ ዋጋ ጠየቀች።

«እመቤቴ፣» አለ ቀበሮ ጎንበስ ብሎ፣ «እርስዎ አጥንት የለዎትም፤ ጉልበት ግን አለዎት። አንድ ዓመት ዕቃዬን ይጫኑልኝና የወደዱትን ይምረጡ።»

ጭነት ሲባል ጠባሳዋ በላት።

«ጀርባዬን ለማልበስ ጀርባዬን ልሽጥ?» አለች። «እስቲ ላስብበት።»

እያዘነች ወደ ሜዳዋ ስትመለስ፣ ውሃ መውረጃው መንገድ ዳር ካለው የቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ቆመች። ዕለት ዕለት የምታልፈው ቁጥቋጦ ነው። ያን ቀን ግን አንገቷን ደፍታ ስለነበር ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ አየችው። እሾሁ ላይ አንዲት እፍኝ የማትሞላ የበግ ጠጉር ተንጠልጥላለች። ከጎኗ ሌላ። ከላይ ደግሞ ሌላ፣ ጥቁር። አፏን አስጠጋች፤ ትሞቃለች።

ሌላ ቢሆን ያን ጊዜውኑ ለቅሞ ይሄድ ነበር። አህያዋ ግን ወደ በጊቱ ዘንድ ሄደች።

«እህቴ፣ ቀጋው ላይ ያለው ጠጉር ያንቺ አይደለም?»

«የኔ ነው! ያ ጠላቴ! ውሃ ስወርድ ይነጨኛል፣ ስመለስ ይነጨኛል። ምነው?»

«ብለቅመው ቅር ይልሽ እንደሆነ ብዬ ነው።»

በጊቱ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! እሾህ በላው ብዬ የተውኩትን? ልቀሚ እንጂ! ለእህቶቼም እነግራቸዋለሁ፤ ጥቁሯም ቡናማዋም በዚያው ነው የሚያልፉት።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ውለታሽን በምን እመልሳለሁ?»

በጊቱ የአህያዋን መላጣ ጀርባ አየችና «በጠጉር ብቻ አትመልሽልኝ እንጂ በፈለግሽው ይሁን» አለች፤ ሁለቱም ተሳሳቁ። አህያዋ ከአምና ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስትሰማራ አንድ ጊዜ፣ ማታ ስትመለስ አንድ ጊዜ በቀጋው ታልፋለች። ከንፈሯ በእሾህ ተቧጠጠ። ጥቅምት ተጋመሰ፤ የለቀመችው ጠጉር ግን ገና አንድ ጉያ አይሞላም።

ገደሉ ላይ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ጭላዳ ዝንጀሮ ከላይ ሆኖ ሲያያት ሰነበተ። ይህ ጭላዳ በአለባበስ ቀልድ የማያውቅ ነው። ትከሻው ላይ የወረደውን ጠጉሩን በቀን ሦስት ጊዜ ያበጥራል፤ ነፋስ ካዛባበት ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

«ምን ትለቅሚያለሽ ልጄ?» አላት።

«ልብስ እየለቀምኩ ነው አባቴ።»

«ልብስ? ከእሾህ ላይ?»

«የሱቁ አልቻልኩትም፤ ምን ላድርግ?»

ጭላዳው ከገደሉ ወርዶ ከጎኗ ተቀመጠ። የለቀመችውን አገላብጦ አየ፣ አሸተተ፣ በጣቱ ሳብ ሳብ አደረገው።

«ስሚኝ» አለ። «የልብስ ብዛት ማንንም አያስጌጥም። ላንቺ ሁለት ይበቃሻል፤ ለዝናብ ገሳ፣ ለውርጭ በርኖስ። ገሳው ከጓሳ ሣር ይሠራል፤ ጓሳ ደግሞ በደጅሽ ሞልቷል፣ አሠራሩን እኔ አሳይሻለሁ። በርኖሱን ግን ጊዜ ወስደን ቀለሙን እየለየን ነው የምንሠራው። ትከሻሽ ላይ የምትወርደውን ጥቁር መስመር አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«እሷማ የጭነት ጠባሳ ናት።»

«ምን የጭነት! ስትወለጂ ይዘሻት የመጣሽ ጌጥሽ ናት። ጥቁሩን ጠጉር በእሷ ላይ እናሳልፈዋለን፣ ቡናማው ይከተላል፣ ነጩ ይከባል። የገዛ መልክሽን የሚከተል ልብስ ዘንድሮም ከርሞም አያረጅም። ፋሽን ያለው ሲለዋወጥ ይኖራል፤ አንቺ ግን አንቺው ነሽ።»

አህያዋ አንገቷን አዙራ ትከሻዋን አየች። ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ ጥቁር መስመር ስታፍር ኖራለች። እንባዋ መጣ፣ አልደበቀችውም።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አለች በመጨረሻ።

«ምስጋናውን ኋላ፤ አሁን ወደ ሥራ!» አለ ጭላዳው፤ ልቡ ግን ሞቀው።

ሥራው ደቦ ሆነ። የጭላዳው ቤተሰብ በዚያ ቀጫጭን ጣቱ እሾሁንና ጉድፉን ከጠጉሩ ለቀመ፣ አባዘተ፣ ፈተለ። ሸማኔዋ ወፍም ከግራሩ ወርዳ መጣች፤ የጎጆ ሥራ ያለው በክረምት ነው፣ አሁን ሥራ ፈት ናት።

«አንቺ እንኳ እኔን አታውቂኝም» አለች ወፊቱ ለአህያዋ። «ሐምሌ ላይ በረዶ ሲወርድ ጎጆዬ ከነልጆቼ መሬት ወድቆ ነበር። መጥተሽ ከላዩ ቆምሽልኝ፤ በረዶው ሁሉ ያረፈው በጀርባሽ ላይ ነው።»

«እኔ? እኔ እኮ መጠለያ አጥቼ ነው የቆምኩት።»

«ይሁና! ልጆቼ ግን ድነዋል» አለች ወፊቱ፤ ድሩን ዘረጋችና በመንቆሯ ትሸምን ጀመር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይህ አባባል ግን በውርጭ አምባ ጮክ ተብሎ አይነገርም፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ኅዳር ሲያልቅ ልብሱ ተሸመነ። አህያዋ ብትለብሰው ግን ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ክው አለች።

«ገና ነው» አለ ጭላዳው። «በርኖስ የሚሆነው ሲረገጥ ነው። በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ጠጉሩ እስኪያያዝ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ በእግር መረገጥ አለበት።»

«ርግጫ ከሆነማ ለኔ ተዉት!» አለች አህያዋ።

ልብሱን ከነበጊቱ ሜዳ አጠገብ በሚፈልቀው ፍል ውሃ ዳር ካለው ለስላሳ ድንጋይ ላይ ዘርግተው ወጡበት። አህያዋ በአራት እግሯ፣ በጊቱ ከነእህቶቿ፣ ጭላዳው በሁለት እግሩ ጠጉሩ እንዳይረጥብበት ሰብስቦ ይዞ። ወፊቱ ዘፈን ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ልብሱ እየጠበበ፣ እየወፈረ፣ እየጠነከረ ሄደ። ያቺ ስንት ዓመት ለሌላ ስትሸከም የኖረች አህያ ያን ቀን ለራሷ ረገጠች። ደክሟት ስትቆም በዙሪያዋ ያሉትን አየቻቸውና ድካሙ ጠፋባት።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ጃርት የጣለቻትን አንዲት እሾህ አገኙ፤ ነጭና ጥቁር፣ የተወለወለች የመሰለች። የበርኖሱን ትከሻ በእሷ አያያዙት። በርኖሱ ለፀሐይ ቀን ጠጉሩ ወደ ውጭ፣ ለውርጭ ቀን ጠጉሩ ወደ ውስጥ ይለበሳል። አህያዋ ኩሬው ዳር ቆማ መልኳን አየች። ብዙ ቆየች። በጊቱ «በቃሽ! ኩሬውን ልትጠጪው ነው እንዴ?» እስክትላት ድረስ ቆየች።

ወሬው ከቀበሮ ጆሮ ደረሰ። ጠዋት በማለዳ አንድ የሚያብረቀርቅ ቁርበት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

«እመቤቴ፣ ይህ ነው እንዴ ሁሉም የሚያወራለት? ቃርሚያ!» አለ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ የአህያ ልብስስ ከውርጭ ያስጥል ይሆን?»

ይህን እያለ በእጁ በርኖሱን ዳበሰው። ደግሞም ዳበሰው። እንዲህ ያለ ልብስ በሱቁ ገብቶ አያውቅም። ምላሱን ወዲያው አጣፈጠ።

«እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው የምጨነቀው። ጌታ ፊት ቀርበው ‹ከየት አመጣሽው?› ሲባሉ ምን ሊሉ ነው? ከእሾህ ላይ? ይህን ጥራጊ ለኔ ይስጡኝ፣ ወስጄ እጥልልዎታለሁ። በምትኩ ይህን ቁርበት ይውሰዱ። በነጻ!»

ምን ይደበቃል፣ አህያዋ አመነታች። ድህነት አንገት ያስደፋል፤ በዚያ ሁሉ ፍጥረት ፊት «ለቅሜ ነው» ማለት ቀላል አይደለም። ቁርበቱን ሞከረችው። ከበዳት። ደርቆ ስለነበር ጠርዙ ልክ ጠባሳዋ ላይ አረፈና ያን የጨው ዘመን አስታወሳት።

አውልቃ መለሰችለት።

«ይህ ሸክም ነው ነጋድራስ። ሸክም አውቃለሁ» አለች። «ያኛው ደግሞ የብቻዬ አይደለም። የበጊቱ ጠጉር አለበት፣ የወፊቱ አፍ አለበት፣ የጭላዳው ጣት አለበት። እንዴት ብዬ ነው የምለውጠው?»

«እንግዲያው ጌታ ፊት እንገናኝ!» አለ ቀበሮ፤ ቁርበቱን ጎትቶ ሄደ።

ቀኑ ደረሰ። ውርጩ ያን ዕለት ለጉድ ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ አራዊቱ በአፋፉ ላይ ተኮለኮሉ። አህያዋ በርኖሷን ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጋ ለብሳ፣ ሰማዩን ስላላመነችው ከጓሳ የሠራችውን ገሳዋንም አጣጥፋ ይዛ መጣች። ጥቁሩ መስመር በትከሻዋ ሲወርድ፣ የጃርቷ እሾህ ስታብለጨልጭ፣ ዞሮ ያላያት አልነበረም።

ጅቡ ግን ራቁቱን መጣ። ሦስተኛዋን ቁርበት ሊበላት አልነበረም፣ ምሎ ነበር! መንገድ ላይ ግን የውርጩ ጤዛ ቁርበቷን አረጠባት፤ ስትርስ ሸተተች። «ኮሌታውን ብቻ ልላሰው» አለ። ከኮሌታው ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ማንም ሳያስገድደው ቀጠለ።

«አያ ጅቦ፣» አለ አንበሳው፣ «ሁሉም ለብሶ መጥቷል። ያንተ ልብስ ወዴት አለ?»

«ለብሼዋለሁ ጌታዬ።»

«የታለ?»

«ከውስጥ ነው» አለ ጅቡ ሆዱን እያሻሸ።

አፋፉ በሳቅ ተናወጠ። ዓይን ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ፤ ልብሱን የሸጠው እሱ መሆኑን የማያውቅ የለም። ቀበሮ ነገሩ እንዳይመጣበት ቶሎ ብሎ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ከጅብ ሆድ ይልቅ የሚያሳፍር እዚህ አለ! ይህችን አህያ ልብሷን ከየት እንደገዛች ይጠይቁልኝ።»

አህያዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«አልገዛሁትም ጌታዬ» አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ እየጎላ ሄደ። «አቅም አልነበረኝም። ለቅሜ ነው። ጠጉሩን የሰጡኝ በጊቱና እህቶቿ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ አንድ ክር አይኖረኝም ነበር። ቀለሙን የለየልኝ፣ የገዛ መልኬንም ያሳየኝ አባቴ ጭላዳ ነው፤ የፈተሉልኝ ልጆቹ ናቸው። የሸመነችልኝ ያቺ ወፍ ናት። ይህችን እሾህ የጣለች ጃርት እዚህ ካለች፣ ሳላስፈቅድሽ አንስቻለሁና ይቅር በይኝ፣ እግዜርም ይስጥልኝ። ቀጋው ደግሞ መጥቶ ሊቆም አይችልምና ስሙን እኔ ልጥራለት፤ ቀጋ ሆይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከለበስኩት ውስጥ የኔ የምለው እግሬ ብቻ ነው፣ በእሱ ረግጬዋለሁ።»

በጊቱ አንገቷን አቀናች። ጭላዳው ሳያስበው ጠጉሩን አበጠረ። ከኋላ በኩል ደግሞ ጃርቷ፣ ማንም ስሟን በመልካም አንስቶት የማያውቅ ጃርቷ፣ «የኔን እሾህ ነው?» ብላ አለቀሰች።

አንበሳው በመዳፉ ጎፈሩን ዳሰሰ።

«እኔ፣» አለ፣ «ይህን ጎፈር ማን ሰጠኝ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ነይ፣ ከጎኔ ቁሚ።»

አህያዋ ቋጥኙ ላይ ወጣች። አንበሳውም መናገር ጀመረ። ብርዱ በረታ፣ ትንፋሽ እንደ ጉም ወጣ፣ እሷ ግን አልተንቀጠቀጠችም። ለመጀመሪያ ጊዜ የአንበሳውን አያት ታሪክ ሰማች። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል አሰልቺ አልነበረም።

ታሪኩ መሐል ላይ አንድ ድምፅ ሰማች። የጥርስ መንገጫገጭ ነበር፤ አወቀችው፣ አምና የሷ ነበር። ጅቡ ከታች ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ሸጉጦ፣ እየተንዘፈዘፈ፣ ቀስ እያለ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ እያዞረ ነበር። ከሄደ ጉድጓዱን ከነደጃፉ ያጣል።

«ይበለው!» ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ታፋዋን ሲመዝን የከረመ አይደለም? እሷ ግን ያን ቁልቁለት በራሷ እግር ወርዳዋለች፤ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃለች። ለተሰጣት ሁሉ አሁን ካመሰገነች በኋላ፣ ትርፏን ይዛ ቆማ ብታየው ምስጋናዋ ምን ምስጋና ነው? ከቋጥኙ ወረደችና ገሳዋን ዘረጋችለት።

«ጎረቤቴ፣ ይህን ልበስ።»

«ም-ም-ምንድን ነው?»

«ሣር ነው። አትበላውም።»

ጅቡ ገሳውን አሸተተ፣ ጫፉን ላሰ፣ እንትፍ አለ፣ ከዚያ ለበሰው። መንዘፍዘፉ ቆመ። አንበሳው የአያቱን ታሪክ ሲጨርስ፣ ፀሐይም ስትወጣ፣ ጅቡ እንደቆመ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በዕድሜው ብሎት ስለማያውቅ ቃሉ አፉን አስቸገረው።

አህያዋ ፍል ውሃው አጠገብ፣ ከነበጊቱ ጎን ያለውን ለምለም ሜዳ መረጠች። ጅቡ ጉድጓዱ ጸናለት፤ ያን ምሽት ግን ባዶውን ደጃፍ እያየ «ጎረቤቴ ሄደች» ብሎ አዘነ። ያዘነው ለጎረቤቱ ይሁን ለታፋዋ፣ እሱም በትክክል አላወቀውም። ልብስ ግን ዳግመኛ አልገዛም። እንዲያውም ያን ገሳ ሳያወልቅ ስለኖረ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ቀረ ይባላል፤ የጅብ ጀርባ ጠጉር እስከ ዛሬ እንደ ሣር የሻከረው ለዚህ ነው።

ቀበሮስ? ከዚያ ቀን ወዲያ ሱቁን የረገጠ የለም። ቁርበቶቹ በፀሐይ ደርቀው ተሰነጣጠቁ፤ ነጋድራስነቱም እንደዚያው። በቀጣዩ መስከረም አህያዋ ውሃ ስትወርድ፣ አንድ የምታውቀው ጅራት ከቀጋው ቁጥቋጦ ሥር ሲወዛወዝ አየች።

«ነጋድራስ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችው።

«መርፌ… መርፌ ወድቃብኝ ነው» አለ ቀበሮ፤ ከጺሙ ላይ አንዲት ነጭ ጠጉር ተንጠልጥላለች።

አህያዋ ያቺን ጠጉር አየች፣ አልሳቀችም። ቀረብ ብላ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ በአንገቷ ወደ ታች ጎንበስ አደረገችለት።

«እዚህኛው ላይ ይፈልጉ» አለች። «ለስላሳው የሚገኘው እዚህ ነው። ሲጨርሱ ግን በጊቱ ዘንድ ጎራ ብለው እግዜር ይስጥልኝ ይበሏት።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያሞቀንም የሚያስጌጠንም የልብስ ውድነት ሳይሆን ትንሿን ነገር ሳንንቅ በአቅማችንና በገዛ መልካችን መልበስ፣ የሰጡንን ሁሉ በስማቸው ጠርተን ማመስገን፣ የተረፈንንም በብርድ ለቆመ መዘርጋት መሆኑን ነው።